ከሆድ ቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ሳንባን የመጠበቅ ዝርዝር መመሪያ

ቀዶ ሕክምናው በደህና ያልቃል፤ ስፌቱም ደረቅና ንጹሕ ነው። በ3ኛው ቀን ግን ታካሚው ያተኩሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ አክታው ይወፍራል። ችግሩ የመጣው ከተከፈተው ሆድ ሳይሆን በደንብ መከፈት ካቃተው ሳንባ ነው። ይህን ለመከላከል የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ በጥልቀት ይተንፍሱ፣ ያስሉ፣ ተነሥተው ይራመዱ። ምክሩ ትክክል ነው፤ የሚከሽፈው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ሦስት ስሕተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ልምምዱን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ በሕመም ውስጥ ሆኖ ለመማር መሞከር ነው። ሁለተኛው አየር መሳብ ሲገባ መንፋት ነው። ሦስተኛው የቀኑን ልምምድ ጠዋት ጨርሶ ቀሪውን ሰዓት ተኝቶ መዋል ነው።

ይህ መመሪያ ቀጠሮ ተይዞለት ለሚዘጋጅ ታካሚና አልጋው አጠገብ ለሚቀመጥ አስታማሚ የተጻፈ ነው። ቀዶ ሐኪምዎ ወይም የማደንዘዣ ባለሙያው ከዚህ የተለየ ትእዛዝ ከሰጡ የእነርሱን ይከተሉ።

ሳንባው ውስጥ ምን ይሆናል?

ዲያፍራም ደረትንና ሆድን የሚለየው፣ የትንፋሽን ዋና ሥራ የሚሠራው ጡንቻ ነው። በጀርባ ሲተኙ የሆድ ዕቃ ዲያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ካስወጡ በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር ቆመው ከነበረው ከግማሽ ሊትር በላይ ይቀንሳል። ሙሉ ማደንዘዣ ጡንቻዎቹን ሲያላላቸው ይህ መጠን የበለጠ ይወርዳል። በጀርባ በኩል ያሉት የታችኛው ሳንባ የአየር ከረጢቶች ማደንዘዣው በተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ መታጠፍ የሚጀምሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሞች ይህን አተሌክታሲስ ይሉታል። የታጠፈ ከረጢት ኦክስጅን አያስገባም፤ አክታ ተጠራቅሞበት ከቆየም ለሳንባ ምች ይመቻል።

ከእምብርት በላይ ሆድ ተከፍቶ ከተሠራ፣ በአንድ ትልቅ ትንፋሽ የሚገባውና የሚወጣው አየር ከቀድሞው ወደ ግማሽ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። የባሰው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 24–48 ሰዓታት ናቸው፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። ከእምብርት በታች ሲሠራ፣ ወይም በላፓራስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳዎች ሲሠራ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ብዙዎች ምክንያቱ ሕመም ብቻ ይመስላቸዋል። ሕመም ትልቅ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን የሆድ ዕቃ ሲነካካ ዲያፍራምን የሚያዝዘው የነርቭ ምልክት ራሱ ይዳከማል። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ እንኳ ዲያፍራሙ ወዲያው እንደ ድሮው አይሠራም። ጤነኛ ሰው ሳያውቀው በየሰዓቱ ደጋግሞ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ የታጠፉትን ከረጢቶች መልሶ የሚከፍተው ያ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ትንፋሹ አጭርና አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ረጅሙ ትንፋሽ ይጠፋል። እርስዎ አስበው የሚሠሩት ልምምድ የሚተካው ይህን የጠፋውን ትንፋሽ ነው። በየሰዓቱ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ስጋትዎ ምን ያህል እንደሆነ ይወቁ

አሪስካት የሚባለው የነጥብ ስሌት ሰባት ነገሮችን ይደምራል፦

- ዕድሜ፦ ከ51 እስከ 80 ዓመት 3 ነጥብ፣ ከ80 በላይ 16 ነጥብ።
- ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን በጣት የሚለካ የደም ኦክስጅን፦ 91–95 በመቶ ከሆነ 8፣ 90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 24።
- ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ትኩሳት የነበረውና አንቲባዮቲክ ያስፈለገው የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን፦ 17።
- ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በዴሲ ሊትር 10 ግራም ወይም ከዚያ በታች፦ 11።
- የሚከፈተው ቦታ፦ የላይኛው ሆድ 15፣ ደረት 24።
- የቀዶ ሕክምናው ርዝመት፦ ከ2 እስከ 3 ሰዓት 16፣ ከ3 ሰዓት በላይ 23።
- ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና፦ 8።

ድምሩ ከ26 በታች ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ 26–44 መካከለኛ፣ 45 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የ60 ዓመት ሰው ነው (3)፤ ኦክስጅኑ 94 በመቶ ነው (8)፤ የሚሠራው የላይኛው ሆዱ ነው (15)፤ ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል (16)። ድምሩ 42፣ መካከለኛ ስጋት ነው። ይኸው ሰው ከሦስት ሳምንት በፊት በትኩሳትና በሳል ታሞ አንቲባዮቲክ ወስዶ ከነበረ 17 ተጨምሮ 59 ይሆናል፤ ወደ ከፍተኛው ይሻገራል። «አሁን ተሽሎኛል» ብለው ያለፈውን ሕመም አይደብቁ። አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ለጥቂት ሳምንታት ሊዘገይ ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ መወሰን የሚችለው ግን ከነገሩት ብቻ ነው።

ሲተኙ የሚያንኮራፉ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽዎ ይቋረጣል የተባሉ ወይም ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎ ከሆነ ይህንም ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገሩ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጡ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች እንዲህ ያለውን ሰው ትንፋሽ ከሌላው ሰው በላይ ያዳክማሉ። በእንቅልፍ ጊዜ የሚጠቀሙበት የትንፋሽ መሣሪያ ካለዎት ከነጭንብሉ ይዘው ይግቡ።

*የስፒሮሜትሪ ምርመራ ከታዘዘልዎ*

ይህ በመንፋት የሳንባን ዐቅም የሚለካ ምርመራ ነው፤ ሆዱን ለሚሠራ ሁሉ አያስፈልግም። የሚታዘዘው ምክንያቱ ያልታወቀ የትንፋሽ ማጠር ሲኖር፣ ወይም አስም ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም በቂ ቁጥጥር ላይ መሆኑ ሲያጠራጥር ነው። ውጤቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአነፋፉ ስለሆነ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከምርመራው በፊት ባለው 1 ሰዓት አያጭሱ፤ ሆድ እስኪሞላ አይብሉ፤ ደረትና ወገብ የሚያጠብቅ ልብስ አይልበሱ። የሚሳብ መድኃኒት ካለዎት ከስንት ሰዓት በፊት ማቆም እንዳለብዎ ይጠይቁ።
2. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ እግርዎን መሬት ያስረግጡ። አፍንጫዎ በመቆንጠጫ ይዘጋል።
3. ሳንባዎ ሌላ ጠብታ አየር መያዝ እስኪያቅተው ይሳቡ፤ ወዲያውኑ ከንፈርዎን በአፍ መያዣው ዙሪያ ግጥም አድርገው ይዝጉ።
4. በአንድ ፍንዳታ ያስወጡት። ቀስ ብሎ የጀመረ ንፋት ዋጋ የለውም።
5. የቀረ አየር የሌለ ቢመስልዎም ባለሙያው ይበቃል እስኪል ማስወጣቱን ይቀጥሉ። በርካቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በ2 ወይም በ3 ሴኮንድ ያቆማሉ።

ቢያንስ 3 ጥሩ ሙከራዎች ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱ ምርጦች እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። በመጀመሪያው ሴኮንድ ውስጥ ካሳሉ ያ ሙከራ ይሰረዛል። ቢያዞርዎ አርፈው ይድገሙ። ደካማ ቁጥር ብቻውን ቀዶ ሕክምናን አይከለክልም፤ ይልቁንም መድኃኒት እንዲስተካከልና ክትትሉ እንዲጠብቅ ያደርጋል።

ደረጃ 2፦ ከ8 እስከ 2 ሳምንት ሲቀር

*ሲጋራ ያቁሙ።* ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ይህ ነው። ከ4 ሳምንት በላይ ማቆም የሳንባ ችግርን በግልጽ ይቀንሳል፤ 8 ሳምንት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጊዜው ካለፈም «አሁን ማቆም ሳል ያመጣብኛል» ብለው አይተዉት፤ በአጭር ጊዜ ማቆም ይጎዳል የሚለው አባባል ማስረጃ አላገኘም። ከጭሱ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ለመውጣት 1 ወይም 2 ቀን ይበቃዋል፤ ይህም ደምዎ ኦክስጅን የመሸከም ዐቅሙን እንዲመልስ ያደርጋል። ብቻውን ካቃተዎ የኒኮቲን ምትክ መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

*የአስም መድኃኒትዎን በትክክል ይውሰዱ።* የሚሳበውን መድኃኒት ዕቃው አፍ ላይ በሚገጠም ቱቦ (ስፔሰር) መውሰድ ይሻላል። ዕቃውን ይነቅንቁ፤ ትንፋሽዎን ያስወጡ፤ አንዴ ተጭነው ቀስ ብለው በረጅሙ ይሳቡ፤ እስከ 10 ሴኮንድ ይያዙ። ሁለተኛው ከታዘዘ ለብቻው ይድገሙ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አይጫኑ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ከዚያ በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ። ሌሊት የሚያስነሣ ሳል ወይም የደረት ፉጨት ካለ ቀጠሮው ሳይደርስ ይታከሙ።

*ይራመዱ።* በቀን 30 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ትንፋሽዎ ጨመር እስኪል ነገር ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እስከሚያስችልዎ ፍጥነት ይሂዱ። የደረት ሕመም ከተሰማዎ ቆመው ሐኪም ያማክሩ።

ስጋቱ ከፍ ላለ ሰው የትንፋሽ ጡንቻን የሚያጠናክር፣ አየር ሲሳቡ የሚከብድ ትንሽ መሣሪያ ሊታዘዝ ይችላል። ከዐቅምዎ 30 በመቶ ያህል ክብደት ተሞልቶ በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ይሠራበታል። ክብደቱን የሚሞላው ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴና የትንፋሽ ልምምድ ባለሙያ) ነው።

ጥርስዎን በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ፤ የተጎዳ ጥርስ ካለ ይታከሙት። ወደ ሳንባ ሾልኮ የሚገባው ምራቅ የአፍን ጀርም ይዞ ይገባል።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን ችሎታዎች ሳይታመሙ ይማሩ

ይህን ደረጃ ማንም እንዳይዘለው አጥብቀን እንመክራለን። በ2018 ውጤቱ የታተመ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የላይኛው ሆዳቸውን የሚሠሩ 441 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከፊዚዮቴራፒስት ጋር አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ልምምዱን ከነምክንያቱ የተማሩት፣ ወረቀት ብቻ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ የሳንባ ችግሩ የገጠማቸው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ከማደንዘዣ የነቃ፣ ሆዱ የሚያምና መድኃኒት ያደነዘዘው ሰው አዲስ ነገር አይማርም፤ የሚያውቀውን ግን ይደግማል።

*ሀ. ረጅሙ ትንፋሽ*

1. ከወገብዎ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ትከሻዎን ያላሉ። እጆችዎን በታችኛው የጎድን አጥንቶችዎ ጎንና ጎን ያስቀምጡ።
2. በተለመደው ሁኔታ ያስወጡ፤ ጨምቀው ሁሉንም አያውጡ።
3. በአፍንጫዎ ቀስ ብለው፣ ከ3 እስከ 4 ሴኮንድ ወስደው ይሳቡ። እጆችዎ ወደ ጎን ሲገፉ ይሰማዎ። የሚነሣው ትከሻዎ ብቻ ከሆነ አየሩ ወደ ታችኛው ሳንባ አልደረሰም ማለት ነው።
4. ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ይያዙ። የታጠፈ ከረጢት ቀስ ብሎ የሚከፈት ስለሆነ መያዙን አይዝለሉት።
5. ሳይገፉ ይልቀቁ።
6. 5 ጊዜ ሠርተው ጥቂት ተራ ትንፋሽ ይውሰዱ፤ ከዚያ ሌላ 5 ይጨምሩ።

ከንፈር ከደነዘዘ ወይም ካዞረዎ ፍጥነትዎ በዝቷል። አቁመው በተራ ትንፋሽ 1 ደቂቃ ይቆዩ።

*ለ. «ሃ» ብሎ አክታን ማንሣት*

መስታወት ላይ እፍ ብሎ ሳይሆን አፍን ከፍቶ «ሃ» በማለት እንደሚያጨልሙት ያስቡ። መካከለኛ አየር ይሳቡ፤ አፍዎንና ጉሮሮዎን ከፍተው በፍጥነትና በረጅሙ «ሃ…» ብለው ያስወጡ። ይህ ከጥልቅ ያለውን አክታ ወደ ላይ ያመጣዋል። ቀጥሎ ትልቅ አየር ስበው አጠር ባለ «ሃ» ይድገሙ፤ አክታው ጉሮሮ አጠገብ ይደርሳል። ሆድን እንደ ሳል ስለማይወጥር ሕመሙ ያነሰ ነው። ከአንድ ወይም ሁለት «ሃ» በኋላ ሁልጊዜ በተራ ትንፋሽ ያርፉ።

*ሐ. ደግፎ ማሳል*

1. ጉልበትዎን አጥፈው ይቀመጡ ወይም አልጋው ጀርባ ተነሥቶ ደገፍ ይበሉ። ጠፍጣፋ ተኝተው አያስሉ።
2. ትራስ ወይም አራት ታጥፎ የተጠቀለለ ፎጣ ቁስሉ በሚሆንበት ቦታ ላይ አድርገው በሁለት ክንድ ያቅፉት።
3. አንድ ወይም ሁለት ረጅም ትንፋሽ ይውሰዱ።
4. ትራሱን ወደ ሆድዎ ጫን አድርገው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ከሆድ ያስሉ። ከጉሮሮ የሚወጣ ደረቅ «ኡሁ ኡሁ» አክታ ሳያመጣ ያደክማል።
5. የመጣውን ይትፉ፣ አይዋጡት፤ ቀለሙን ይመልከቱ።

ማሳል ስፌቱን ይበጥሰዋል የሚለው ፍርሃት ሰውን ከሕመሙ በላይ ዝም ያሰኘዋል። የሆድ ግድግዳ የሚሰፋው ሳልን እንዲችል ተደርጎ ነው፤ በትራስ የተደገፈ ሳል አይበትነውም። ሳይደገፉና ሳይዘጋጁ የሚመጣ ተደጋጋሚ የሳል ጅምር ነው ይበልጥ የሚወጥረው። የዓይን ወይም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው፣ ወይም ትልቅ ሄርኒያ (በሆድ ግድግዳ ክፍተት የሆድ ዕቃ መውጣት) የተጠገነለት ሰው ግን ስለ ማሳል አስቀድሞ ቀዶ ሐኪሙን ይጠይቅ።

*መሣሪያው፣ ፊኛውና ጓንቱ*

ኳስ ወይም ፒስተን ያለው የትንፋሽ መለማመጃ ከተሰጠዎ፣ የሚሠራው በመሳብ እንጂ በመንፋት አይደለም። ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ አየር አስወጥተው ከንፈርዎን ይግጠሙ፤ ኳሱን ወይም ፒስተኑን በዝግታ አንሥተው ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ያቆዩት። ኳሱ ዘሎ ወዲያው ከወደቀ በጣም በፍጥነት ስበዋል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የደረሱበትን ቁጥር ይጻፉ። ለምሳሌ 2500 ሚሊ ሊትር ከነበረ በማግሥቱ 1000 ወይም 1200 ቢሆን አይደንግጡ፤ የሚፈለገው በየቀኑ ከፍ እያለ መሄዱ ነው። ሲሻሻል ቆይቶ ተመልሶ ከወረደ ለነርሷ ይንገሩ።

መሣሪያ ባይኖርስ? ምንም አይቀርብዎትም። መሣሪያው በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ ረጅም ትንፋሽ እንደሚበልጥ አልታየም፤ ጥቅሙ ቁጥሩን ማሳየቱ ነው። ፊኛና የእጅ ጓንት መንፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ሳንባን የሚከፍተው መሳቡ ሆኖ ሳለ ንፋቱ አየር ያስወጣል፣ የተሰፋውንም ሆድ ያስጨንቃል። ፊኛ ከተሰጠዎ ትኩረትዎን ከመንፋቱ በፊት በሚሳበው ረጅም ትንፋሽ ላይ ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ ከመግባትዎ በፊት ያለው ቀንና ጠዋት

- ጠንከር ያለ ትራስ ወይም ትልቅ ፎጣ፣ የአክታ መትፊያ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የማይንሸራተት ጫማ፣ በየሰዓቱ የሚጮህ ማስታወሻ ያለው ስልክ ያዘጋጁ።
- የሚሳቡትን መድኃኒት በዚያ ጠዋት ጭምር ይውሰዱ፤ ይዘውትም ይግቡ። ሌሎች መድኃኒቶችን ግን የትኛው እንደሚወሰድ፣ የትኛው እንደሚቆም በወረቀት ተጽፎ ይቀበሉ።
- ምግብ ቢያንስ ከ6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ማቆም የተለመደው መጠን ነው፤ የእርስዎ ረዘም ብሎ ከታዘዘ ያንን ያክብሩ። ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። በስሕተት ከበሉ ይናገሩ፤ ቀጠሮ መሸጋገሩ ከዚያ ይሻላል።
- የጥፍር ቀለም ያስለቅቁ፤ የጣት ኦክስጅን መለኪያውን ያሳስታል።
- አዲስ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የተለወጠ አክታ ካለ በዚያው ጠዋት ይናገሩ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

አስታማሚ ሆይ፣ ይህ ክፍል ለእርስዎ ነው። ታካሚው ገና በመድኃኒት ስለተያዘ ማስታወስ አይችልም።

1. ሐኪሙ ካልከለከለ የአልጋውን ጀርባ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያንሡ። ወደ ታች ሲንሸራተት አንገቱና ደረቱ ይታጠፋል፤ በሰው እርዳታ ወደ ላይ ይሳቡት።
2. እንደነቃና ትእዛዝ መከተል እንደቻለ 5 ረጅም ትንፋሽ ያሠሩት። «ሳብ… ያዝ… አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ልቀቅ» እያሉ ይቁጠሩለት።
3. በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑን ያዙሩ፤ ቱቦዎቹ እንዳይጠመዘዙ ያያሉ።
4. ሳይፈቀድ ውሃም ቢሆን አይስጡ፤ ያልነቃ ሰው ይታነቃል። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይቻላል።
5. አተነፋፈሱን ለ1 ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። በደቂቃ ከ10 በታች ከሆነ፣ ወይም ተጠርቶ የማይነቃ ከሆነ ወዲያው ነርስ ይጥሩ፤ የጠንካራ ማስታገሻ ብዛት ሊሆን ይችላል።

ስለ ኦክስጅን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጭንብል ማድረግ በመለኪያው ላይ ያለውን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፤ የታጠፈውን ሳንባ ግን አይከፍትም። «98 ስለሆነ ልምምዱ ይቅር» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ጭንብሉን በራስዎ አያውልቁት፤ ልምምዱንም በእርሱ አይተኩት።

ደረጃ 6፦ በየሰዓቱ የሚደገመው ዙር (ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን)

መጀመሪያ ሕመሙን ያስታግሱ። ማስታገሻውን ሕመሙ ከጸና በኋላ አይጠይቁ፤ በታዘዘው ሰዓት ይውሰዱ። በአፍ የሚወሰደው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ስለሚሠራ ከባዱን ልምምድና እግር ጉዞውን ከዚያ በኋላ ያድርጉ። መመዘኛው ቀላል ነው፦ በጥልቀት መሳብና ማሳል ካልቻሉ ማስታገሻው አልበቃም። ዝም ብሎ ሲተኙ አለማመሙ በቂ መልስ አይደለም፤ ለሐኪሙ «ሳስል ያመኛል፣ ስለዚህ አላስልም» ብለው በግልጽ ይንገሩ።

ነቅተው ባሉበት ሰዓት ሁሉ፦

1. ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ወንበር ከአልጋ ይሻላል።
2. 10 ረጅም ትንፋሽ፣ እያንዳንዱን 3–5 ሴኮንድ በመያዝ።
3. ተራ ትንፋሽ ለ30 ሴኮንድ።
4. ሌላ 10።
5. ሁለት «ሃ»፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት የተደገፈ ሳል።

ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይወስዳል። ሃያውን ትንፋሽ መጨረስ ካቃተዎ 10 ብቻ ሠርተው በየሰዓቱ መድገሙን አይተዉ፤ በየሰዓቱ 10 መሥራት ጠዋት አንዴ 100 ከመሥራት ይበልጣል። የተከፈተው ሳንባ ካልተደገመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መልሶ ይታጠፋል። ሌሊት ተኝተው ከሆነ አይነሡ፤ በራስዎ ሲነቁ አንድ ዙር ይበቃል።

*ሲበላሽ*

ጫፍ ላይ ሲይዙ ቁስሉ ከወጋዎ መጠኑን ሳይሆን ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ትራሱንም ያቅፉ። አክታ ካልወጣ ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ሁሉም ሰው አክታ የለውም። ደረትዎ እየተንኮራኮረ ካልወጣ ግን ፈሳሽ መውሰድ ከተፈቀደልዎ ይጠጡ፤ ከረጅም ትንፋሽ፣ ከተራ ትንፋሽና ከ«ሃ» የተሠራውን ዙር ሦስት ጊዜ ይድገሙ፤ ካልተሳካ ፊዚዮቴራፒስት ይጥሩ። ማስመለስ ከመጣ አቁመው ወደ ጎን ይዙሩ። ሆድ ከተነፋና ከተወጠረ ዲያፍራም መውረጃ ያጣል፤ ያኔ ልምምዱን ከማብዛት ይልቅ ሐኪም ሆዱን እንዲያይ ያድርጉ።

ደረጃ 7፦ መነሣትና መራመድ

ከልምምድ ሁሉ የሚበልጠው መቆም ነው፤ ሲቆሙ የሆድ ዕቃ ይወርዳል፣ ዲያፍራሙም ቦታ ያገኛል። ሐኪሙ ከፈቀደ በመጀመሪያው ምሽት አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ በማግሥቱ ይራመዱ።

አነሣሡ፦

1. ጉልበቶችዎን አጥፈው ትከሻና ዳሌን አንድ ላይ እንደ ግንድ ወደ ጎን ያንከባልሉ።
2. እግሮችዎን ከአልጋው ያውርዱ፤ በዚያው ቅጽበት በክርንና በእጅ አልጋውን ገፍተው ይነሡ። በጀርባ ተኝተው ቀጥታ አይነሡ፤ ስፌቱ ላይ ከፍተኛ ጫና የሚፈጥረው ያ ነው።
3. ጫፍ ላይ 2 ደቂቃ ተቀምጠው እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ካዞረዎ፣ ካላበዎ ወይም ዓይንዎ ከጨለመ መልሰው ይተኙ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይሞክሩ።
4. ማደንዘዣ በወገብ ቱቦ እየተሰጠ ከሆነ ከመቆምዎ በፊት ጉልበትዎን ቀጥ አድርገው ማንሣት መቻልዎን ለነርሷ ያሳዩ።
5. የሽንትና የቁስል ከረጢቶችን ከወገብ በታች ይዘው፣ ሰው አጠገብዎ ሆኖ ይቁሙ። አይጎንበሱ።

በመጀመሪያው ቀን አጭር ጉዞ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በቂ ነው፤ በየቀኑ ርቀቱንና ድግግሞሹን ይጨምሩ። ትንፋሽዎ ጨመር ካላለ ጉዞው ሳንባን አልሠራም፤ መናገር ካቃተዎ ደግሞ በዝቷል።

ደረጃ 8፦ ወዲያው ባለሙያ የሚጠራባቸው ምልክቶች

- ዐርፈው ሳለ በደቂቃ ከ24 በላይ መተንፈስ።
- ኦክስጅን ከ92 በመቶ በታች መሆን (ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለበት ሐኪሙ የሰጠውን ወሰን ይጠቀሙ)። ጣት ከቀዘቀዘ መጀመሪያ አሙቀው ይድገሙ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መለኪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል ቁጥሩ ደህና ቢመስልም የሚታየውን ምልክት ይመኑ።
- ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ።
- አዲስ መደናገር፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ፤ አንዳንዴ የኦክስጅን ማነስ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ብቻ ነው።
- ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ወይም የአንድ ባት ማበጥና ማመም። በሳንባ ደም ሥር የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በልምምድ ሊያሻሽሉት አይሞክሩ፤ አይራመዱ፤ ይጥሩ።
- ከቁስሉ ብዙ ሮዝ ውሃ መሰል ፈሳሽ ድንገት መውጣት፣ ወይም የሆድ ዕቃ መታየት። ጉልበት አጥፈው ደገፍ ብለው ይተኙ፤ በንጹሕና በረጠበ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ መልሰው አይግፉት፤ ምንም አይብሉ አይጠጡ።

ደረጃ 9፦ ቤት ከገቡ በኋላ

ዙሩን በቀን ከ4 እስከ 5 ጊዜ ዝቅ አድርገው የመተንፈስ ዐቅምዎ እስኪመለስ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ይቀጥሉ። ቀን ቀን አልጋ ላይ አይዋሉ። ትራሱን ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱና ሲስቁ ያቅፉት። ከባድ ዕቃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አያንሡ፤ ትክክለኛውን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ይወስናል።

ኮዴይንና ጠንካራ ማስታገሻዎች እንቅልፍ ከሚያስወስዱ መድኃኒቶች ወይም ከአልኮል ጋር አይቀላቀሉ፤ በአንድ ላይ ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ሆድ ድርቀትም ስለሚያመጡ ማማጥ እንዳይኖር አስቀድመው መፍትሔ ይጠይቁ። ቆሞ የነበረው ሲጋራ በዚህ ጊዜ እንዳይመለስ ቤት ውስጥ ማንም አያጭስ።

ከ2 ሳምንት በኋላ ደረጃ ሲወጡ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው በላይ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ፣ ወይም የመለማመጃው ቁጥር ከመጀመሪያው የጻፉት በጣም ዝቅ ብሎ ከቆመ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ይዘው ለምርመራ ይሂዱ፤ የደረት ራጅ ወይም ተደጋጋሚ ስፒሮሜትሪ የሚታዘዘው በዚህ ጊዜ ነው።